ፎርማት ከማድረግዎ በፊት፦ በተቋረጠ ጭነት የተበላሸ የሊኑክስ ዴስክቶፕን መመለስ

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ማሽኑ የይለፍ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ መልሶ የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ቢደጋግመውም ለውጥ አላገኘም። ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ ስጠይቀው፣ በፍላሽ የመጣለትን የፕሪንተር ድራይቨር እየጫነ ሳለ መብራት እንደጠፋበት ነገረኝ። አንድ ጎረቤቱ ሌላ ፍላሽ ይዞ ፎርማት ሊያደርግለት በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ደሴ ፒያሳ ነበርኩ፤ መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በክረምት ጭጋግ ሐረጎን ወርዶ መመለስ ግማሽ ቀን ሥራ ስለሚያስፈታ ነገሩን በስልክ ለመጨረስ ተስማማን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑ ተከፈተ፤ ከደንበኞቹ ፋይልም አንድ እንኳ አልጠፋም።

ከዚህ በታች ያለው ያን ዕለት በስልክ የነገርኩት፣ በሥርዓት ተስተካክሎ የተጻፈ ነው። መመሪያው በሊኑክስ ሚንትና በኡቡንቱ ቤተሰብ ላይ፣ በተለይም ለአሮጌ ማሽን ቀላል በመሆኑ በየጽሕፈት ቤቱ በሚመረጠው በኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ላይ ያተኩራል፤ ሌሎቹ ዴስክቶፖች በሚለዩበት ቦታ ልዩነቱን እጠቅሳለሁ። ትዕዛዞቹን በስልክ እንደሚነገሩት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ በማሽኑ ላይ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ። እዝባሩ (/)፣ ሰረዙ (-)፣ ነጥቡና ክፍት ቦታው ሁሉ እንደተጻፈ መግባት አለበት። የማዕበል ቅርጽ ያለው ምልክት (~) ደግሞ ሺፍትን ይዘው ከቁጥር 1 በስተግራ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑ የሚወጣው ሲሆን፣ ትርጉሙም «የእኔ የግል ፎልደር» ማለት ነው።

ጉዳቱ የት ነው?

ማሽን በተበላሸ ቁጥር ወደ ፎርማት የሚሮጠው ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሊኑክስ ውስጥ የዴስክቶፑ ፕሮግራም በአንድ ቦታ፣ የእርስዎ ምርጫዎች ደግሞ በሌላ ቦታ ይቀመጣሉ። ፓነሉን፣ ሜኑውንና መስኮቱን የሚሠሩት ፕሮግራሞች ለሁሉም ተጠቃሚ የጋራ ሆነው በሲስተሙ ፎልደሮች ውስጥ ይገኛሉ። ፓነሉ ከላይ ይሁን ከታች፣ የጀርባው ሥዕል ምን ይሁን፣ ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ቅንብር ግን በየተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ፣ ስማቸው በነጥብ በሚጀምርና በዚህም ምክንያት ከዓይን በተሰወሩ ፋይሎች ላይ ይጻፋል። ሱቁ ሳይነካ የዕቃው አደራደር ብቻ ሊበተን እንደሚችል ሁሉ፣ ፕሮግራሙ ደኅና ሆኖ ቅንብሩ ብቻ ሊበላሽ ይችላል፤ የዚህ ተቃራኒም ያጋጥማል። የትኛው እንደተጎዳ ሳይለዩ የሚደረግ ጥገና ግምት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው።

ስክሪኑ የይለፍ ቃል በሚጠይቅበት ቦታ ላይ እያለ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ3ን በአንድነት ይጫኑ። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ሥዕል የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ጥቁር ገጽ ይመጣል። የመግቢያ ስምዎን ጽፈው ኢንተር ይበሉ፤ ቀጥሎ የይለፍ ቃሉን ይጻፉ። ሲጽፉ ኮከብም ሆነ ነጥብ አይታይም፤ ወዳጄ «ኪቦርዱም ሞቷል» ብሎ የደነገጠው እዚህ ላይ ነበር። የይለፍ ቃልዎ ቁጥር ካለበት በኪቦርዱ ቀኝ ባሉት ሳይሆን ከላይ በተደረደሩት ቁጥሮች ይጠቀሙ፤ በዚህ ገጽ ላይ ነም ሎክ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚጀምረው። በአማርኛ የሰየሟቸው ፋይሎች ካሉም ስማቸው አራት ማዕዘን ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ይህ የዚህ ገጽ የፊደል እጥረት እንጂ የፋይሉ ጉዳት አይደለም።

ከገቡ በኋላ ከሁሉ አስቀድመው ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ ይመልከቱ፦

ዲኤፍ -ኤች ~

በመቶኛ የተቀመጠው ቁጥር 100 ከሆነ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። ዴስክቶፑ ሲከፈት መጻፍ ያለበትን ትንንሽ ፋይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲያጣ ያለ ምንም ማብራሪያ ወደ መግቢያው ገጽ ይመልስዎታል። የወረዱ የጭነት ፋይሎችን የሚያጸዳው ትዕዛዝ ብዙ ጊዜ ለመተንፈሻ የሚሆን ቦታ ይሰጣል («ሱዶ» ትዕዛዙን በሲስተሙ አለቃ ሥልጣን ያስኬዳል፤ «አፕት» ደግሞ ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚነቅለው ነው)፦

ሱዶ አፕት ክሊን

ዲስኩ ቦታ ካለው አዲስ ተጠቃሚ ይፍጠሩ። ስሙን «ሙከራ» እንበለውና በላቲን ፊደል እንጻፈው፦

ሱዶ አድዩዘር ሙከራ

የይለፍ ቃል ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ ሌሎቹን ጥያቄዎች በኢንተር እያለፉ ይጨርሱ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ7ን ተጭነው ወደ መግቢያው ገጽ ይመለሱ፤ ግኖም የሚባለው ዴስክቶፕ ባለው ዋናው ኡቡንቱ ላይ ኤፍ1 ነው። በአዲሱ ተጠቃሚ ስም ይግቡ። ዴስክቶፑ አምሮ ከተከፈተ ፕሮግራሞቹ ደኅና ናቸው፤ የተጎዳው የእርስዎ የግል ፎልደር ነው። አዲሱም ተጠቃሚ እንደ እርስዎ ከተመለሰ ወይም ፓነል የሌለው ባዶ ስክሪን ከገጠመው ጉዳቱ ሲስተሙ ላይ ነው። ይህ የሁለት ደቂቃ ሙከራ ብዙ የከንቱ ድካም ያስቀራል።

ተቋርጦ የቀረውን ጭነት ማስጨረስ

ሙከራው የግል ፎልደርዎን ቢያመለክትም እንኳ ይህን ክፍል አይዝለሉት። መብራት ሲጠፋ ፓኬጆች (ፕሮግራሞች ታሽገው የሚመጡባቸው ጥቅሎች) ግማሽ ተጭነው ይቀራሉ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ሌላ ነገር መጫን አይቻልም። ወደ ኤፍ3 ገጽ ተመልሰው የሚከተለውን ያስገቡ፤ የመሀለኛው ቃል አራት ፊደል ሲሆን ዲ፣ ፒ፣ ኬ፣ ጂ ተብሎ ይጻፋል፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ

ትዕዛዙ የቆሙትን ፓኬጆች ካቆሙበት አንሥቶ ይጨርሳል፤ ምንም ሳይል ከተመለሰ የቀረ ነገር የለም ማለት ነው። «ሌላ ሂደት ይዞታል» የሚል መልእክት ከመጣ አውቶማቲክ ማሻሻያ እየሠራ ሊሆን ስለሚችል አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። የመቆለፊያውን ፋይል አጥፉት የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማል፤ በሥራ ላይ ያለ ጭነት እያለ ቁልፉን መስበር ግን የዳነውን እንደገና ማቁሰል ነው። ቀጥሎ ይህን ይጻፉ፦

ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል

እዚህ ላይ ማሽኑ ሊጭናቸውና ሊያጠፋቸው ያሰባቸውን ፓኬጆች ዘርዝሮ ፈቃድ ይጠይቃል። ከመፍቀድዎ በፊት የሚጠፉትን ዝርዝር ስም በስም ያንብቡ። በዝርዝሩ ውስጥ የዴስክቶፑን ስም ወይም ላይትዲኤም የሚባለውን የመግቢያ ፕሮግራም ካዩ ኤን ብለው ይከልክሉ። በ2021 መጨረሻ ገደማ ፖፕ ኦኤስ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ስቲም የተባለውን የጌም መደብር ፕሮግራም ለመጫን የሞከረ አንድ የታወቀ ቪዲዮ አቅራቢ፣ ማሽኑ ያወጣለትን ረጅም ማስጠንቀቂያ አልፎ ስለፈቀደ ሙሉ ዴስክቶፑ ተነቅሎ ጥቁር ገጽ ብቻ ቀርቶለታል፤ ጥፋቱ የፓኬጆች አለመጣጣም ቢሆንም የመጨረሻውን ፈቃድ የሰጠው ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በእርስዎም ላይ ደርሶ እንደሆነ የሚያውቁት በዚህ ነው፦

ሌስ /ቫር/ሎግ/አፕት/ሂስትሪ.ሎግ

ፋይሉ ሲከፈት ትልቁን ጂ ይጫኑ፤ ወደ መጨረሻው ይወስድዎታል። እያንዳንዱ ጭነት የተጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ የተሰጠው ትዕዛዝ፣ የተጫነውና የተነቀለው በየተራ ተመዝግቧል። ከመዝገቡ ለመውጣት ኪው የሚለውን ፊደል ይጫኑ። ዴስክቶፑ ተነቅሎ ከሆነ መልሶ መጫን ይበቃል። በሊኑክስ ሚንት ትዕዛዙ ይህ ነው፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሚንት-ሜታ-ኤክስኤፍሲኢ

ኤክስኤፍሲኢ ይዞ በሚመጣው የኡቡንቱ ዓይነት በዙቡንቱ ደግሞ የመጨረሻው ቃል «ዙቡንቱ-ዴስክቶፕ» ይሆናል፤ አጻጻፉ በኤክስ ነው የሚጀምረው። ለዚህ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ዋይፋዩን በጥቁሩ ገጽ ላይ ማገናኘት አድካሚ ስለሆነ፣ ስልክዎን በኬብል ሰክተው ከስልኩ ማስተካከያ የዩኤስቢ ኢንተርኔት ማጋራትን ቢከፍቱ ማሽኑ እንደ ገመድ ኔትወርክ ቆጥሮ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይገናኛል። የዳታ ጥቅልዎን መጠን አስቀድመው ይዩ፤ መሀል ላይ ያለቀ ጥቅል መሀል ላይ ከጠፋ መብራት አይሻልም።

በፍላሽ የመጣና ከአፕት ውጭ በራሱ ስክሪፕት የሚጫን ፕሮግራም ከሆነ ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ አያገኙትም። እንዲህ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ማራገፊያ ስክሪፕት ይዘው ይመጣሉ፤ ከፎልደሩ ውስጥ ፈልገው እርሱን ያስኬዱ። ከጭነቱ በፊት ታይምሺፍት በሚባለው የሲስተም ቅጂ አስቀማጭ ፕሮግራም የተቀመጠ ቅጂ ካለ ደግሞ መንገዱ ያጥራል፦

ሱዶ ታይምሺፍት --ሪስቶር

ታይምሺፍት ከሊኑክስ ሚንት ጋር አብሮ ይመጣል። ይሁን እንጂ ብዙዎችን የሚያሳስት ጠባይ አለው፦ ካልነገሩት በስተቀር የግል ፎልደሩን አይነካም። ሲስተሙን ወደ ትናንት መልሶ የተበላሸ ቅንብርዎን ዛሬ ባለበት ይተወዋል። «ታይምሺፍት አድርጌም አልዳነም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው።

የግል ፎልደሩ የማን ነው?

የወዳጄ ማሽን ችግር የነበረው እዚህ ነው። ድራይቨሩ እንቢ ሲለው የፋይል ማሳያውን ራሱን በሱዶ፣ ማለትም በሲስተሙ አለቃ በሩት ሥልጣን ከፍቶ ነበር። ሥዕላዊ ፕሮግራም በሩት ሥልጣን ሲከፈት የሚፈጥራቸውን ፋይሎች በእርስዎ ፎልደር ውስጥ ሊያስቀምጥ፣ ባለቤታቸውን ግን ሩት ሊያደርግ ይችላል። በማግሥቱ ዴስክቶፑ በእርስዎ ስም ሲነሣ በገዛ ቤቱ ያለውን ፋይል መክፈት ይከለከላል። በተለይ ኤክስኦቶሪቲ የሚባለው በነጥብ የሚጀምር ፋይል ባለቤት ከተለወጠ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ያ የመመላለስ ዑደት ይጀምራል። ለማጣራት፦

ፋይንድ ~ -ዩዘር ሩት

ትዕዛዙ በግል ፎልደርዎ ውስጥ ባለቤታቸው ሩት የሆኑ ፋይሎችን ያወጣል። በጤነኛ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ምንም አይወጣም፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ከአንድ ገጽ በላይ ወጣ። መድኃኒቱ ባለቤትነቱን መመለስ ነው። ትዕዛዙ ሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ደብሊዩ፣ ኤን ተብሎ ይጻፋል፤ አር ትልቁ ፊደል ነው፤ «ስምዎ» ባልኩበት ቦታ የመግቢያ ስምዎን አስገብተው ሁለት ነጥቡን ሳይለዩ ያስከትሉ፦

ሱዶ ቻውን -አር ስምዎ: ~

ኢንተር ከማለትዎ በፊት መስመሩን እንደገና ያንብቡት። በመጨረሻው ምልክት ፋንታ እዝባር ብቻ ከተጻፈ የሲስተሙን ፋይሎች በሙሉ ለእርስዎ ያወርሳል፤ ያኔ በርግጥም ፎርማት ሊያስፈልግ ነው። በስልክ ሳስረዳ ይህን መስመር ፊደል በፊደል መልሶ ሳያነብልኝ ኢንተር እንዲል አልፈቅድም። ከተጠናቀቀ በኋላ ሱዶ ሪቡት ብለው ማሽኑን አስነሥተው ይሞክሩ።

አሁንም ካልገባ ዴስክቶፑ ራሱ የጻፈውን የስሕተት መዝገብ ይጠይቁት፦

ቴይል -30 .ኤክስሴሽን-ኤረርስ

የመጨረሻዎቹን 30 መስመሮች ያሳያል። ሁሉም መስመር አሳሳቢ አይደለም፤ ጤነኛ ማሽንም እዚህ ያጉረመርማል። የሚፈለገው «ፈቃድ ተከልክሏል»፣ «ቦታ የለም» ወይም የአንድ ፋይል ስም ጠርቶ «ማንበብ አልተቻለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው።

ቅንብሩን ገለል ማድረግ

ባለቤትነቱ ተስተካክሎ፣ ጭነቱም ተጠናቆ ዴስክቶፑ አሁንም ፓነል ከሌለው፣ መስኮቶች ራስጌያቸው ከጠፋ ወይም ስክሪኑ ከጠቆረ ቅንብሩ ራሱ ተበላሽቷል። መብራት በድንገት ሲጠፋ እየተጻፈ የነበረ ፋይል ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ባዶዎቹን የሚያወጣው ትዕዛዝ ይህ ነው፦

ፋይንድ .ኮንፊግ -ታይፕ ኤፍ -ሳይዝ 0

ከሚወጡት ውስጥ አንዳንዶቹ ከጥንትም ባዶ እንዲሆኑ የተደረጉ ናቸው፤ በኤክስኤፍሲኢ ፎልደር ውስጥ የሚገኝና በኤክስኤምኤል የሚጨርስ ፋይል ባዶ ከሆነ ግን ጥፋተኛውን አግኝተዋል።

ኤክስኤፍሲኢ ቅንብሩን በነጥብ ኮንፊግ ፎልደር ሥር ኤክስኤፍሲኢ4 በሚባል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ሥራው ይህን ፎልደር ገለል ማድረግ ነው፤ ማጥፋት አይደለም። ዴስክቶፑ ሲነሣ ፎልደሩን ካጣ አዲስ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ያለ ቅንብር ለራሱ ይሠራል። መላውን ነጥብ ኮንፊግ ፎልደር የሚያነሡ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም። የጉግል ክሮም ዕልባቶችና የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች፣ የሊብሬኦፊስ የግል መዝገበ ቃላትና አብነቶች ሁሉ እዚያው ውስጥ ስላሉ፣ ለተጣመመ ፓነል ብሎ እነርሱንም ማንሣት ዋጋው ከጥቅሙ ይበልጣል።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ስንት ሰው «ፎልደሩን አንሥቼ ተመልሶ መጣ» ያለኝ ይህን ሳያሟላ ቀርቶ ነው። በሥዕላዊው ገጽ ላይ ገብተው እያሉ ይህን አያድርጉ። ኤክስኤፍሲኢ ቅንብሩን በማስታወሻው ይዞ የሚቆይ ረዳት ፕሮግራም አለው፤ ፎልደሩን ከሥሩ ቢወስዱበት በእጁ ያለውን የተበላሸ ቅጂ መልሶ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ገብተው ከሆነ ይውጡ፤ ከዚያ በኤፍ3 ገጽ ላይ ሆነው፦

ሲዲ
ኤምቪ .ኮንፊግ/ኤክስኤፍሲኢ4 ኤክስኤፍሲኢ4-ኦልድ
ኤምቪ .ካሽ/ሴሽንስ ሴሽንስ-ኦልድ
ሱዶ ሪቡት

ሁለተኛው የማንሻ መስመር አይረሳ። ዴስክቶፑ ሲዘጋ ክፍት የነበሩትን መስኮቶች መዝግቦ ሲነሣ ሊከፍታቸው የሚሞክርበት ፎልደር ነው፤ በብልሽቱ ቀን የተመዘገበው ዝርዝር ካልተነሣ ንጹሕ ቅንብር ላይም ችግሩን ይዞት ይመጣል። «እንዲህ ያለ ፎልደር የለም» ካለዎት ግን ይለፉት።

በሲናሞን፣ በግኖምና በማቴ ዴስክቶፖች ላይ ነገሩ ይለያል። እነዚህ ቅንብራቸውን ዲኮንፍ በሚባል አንድ የታሸገ ፋይል ውስጥ ይጽፋሉ፤ ፋይሉ በነጥብ ኮንፊግ ሥር፣ ዲኮንፍ በሚባል ፎልደር ውስጥ ዩዘር የሚል ስም ይዞ ይገኛል። ሥርዓቱ ከላይ እንደተባለው ነው፦

ኤምቪ .ኮንፊግ/ዲኮንፍ/ዩዘር ዲኮንፍ-ኦልድ

ይህ ፋይል የዴስክቶፑ ብቻ ሳይሆን የሌሎች ብዙ ፕሮግራሞችም መዝገብ ስለሆነ ጽሑፍ ማዘጋጃውና ኪቦርዱ ጭምር ወደ መጀመሪያ ቅንብራቸው ይመለሳሉ። ሲናሞን ላይ መግባት ከቻሉና የተናጋው ፓነሉ ብቻ ከሆነ ወደዚህ አይሂዱ፤ ፓነሉን በቀኝ ክሊክ ነክተው ከችግር መፍቻው ሜኑ ውስጥ ሁሉንም ቅንብር ወደ መጀመሪያው የሚመልሰውን ይምረጡ። ኬዲኢ ፕላዝማ ደግሞ ቅንብሩን በአንድ ፎልደር ሳይሰበስብ በነጥብ ኮንፊግ ውስጥ በተናጠል ፋይሎች ይበትነዋል፤ ስማቸው በፕላዝማ የሚጀምሩትንና ኬዊንአርሲ የሚባለውን ገለል ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከአሮጌው ደኅናውን መልቀም

ማሽኑ ሲነሣ ዴስክቶፑ ንጹሕ፣ ግን ባዕድ ሆኖ ያገኙታል፤ አቋራጭ ቁልፎችዎና የፓነል አደራደርዎ የሉም። ለዚህ ነው ማጥፋትን የከለከልኩት። በግል ፎልደርዎ ውስጥ ያስቀመጡት ኤክስኤፍሲኢ4-ኦልድ ውስጥ ኤክስኤፍኮንፍ፣ በእርሱም ውስጥ ኤክስኤፍሲኢ-ፐርቻናል-ኤክስኤምኤል የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ፋይል ያገኛሉ፦ የፓነሉ ለብቻ፣ የጀርባው ሥዕል ለብቻ፣ የመስኮቶቹ ለብቻ፣ የስክሪኑ መጠን ለብቻ፣ የአቋራጭ ቁልፎቹ ለብቻ። ጽሑፍ ስለሆኑም በማንኛውም ጽሑፍ ማሳያ ከፍተው ማየት ይችላሉ፤ ባዶ የሆነ ወይም መጨረሻው የተቆረጠ ፋይል ወዲያው ያስታውቃል።

ዲስፕለይስ የሚለውን ፋይል በፍጹም አይመልሱት፤ የስክሪን መጠን እንደገና ማስተካከል አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ሲሆን፣ የተበላሸ ከሆነ ግን ወደ ጥቁሩ ስክሪን ይመልስዎታል። በድካም የተሠራው የአቋራጭ ቁልፎች ፋይል ነውና መጀመሪያ እርሱን ይመልሱ። እንደገና ከሥዕላዊው ገጽ ወጥተው፣ በኤፍ3 ገጽ ላይ ሲፒ በሚለው የመቅጃ ትዕዛዝ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ተመሳሳይ ፎልደር ይቅዱት፤ ከዚያ ገብተው ይዩት። ሠርቶ ካገኙት የሚቀጥለውን ያምጡ። አንድ ፋይል መልሰው ማሽኑ ከታመመ በሽታውን ያመጣው እርሱ ነው፤ ያንን ፋይል ብቻ ከአዲሱ ፎልደር ያንሡት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የመለሰ ሰው ጥፋተኛውን ለመለየት ከመጀመሪያው መጀመር ግድ ይሆንበታል።

አማርኛውን መመለስ

ለጽሕፈት ቤት ይህ የመጨረሻ ሳይሆን ዋናው ሥራ ነው፤ ደንበኛ ማመልከቻውን ይዞ ቆሟልና። በሊኑክስ ላይ ብዙዎቻችን አማርኛ የምንጽፈው አይባስ በሚባለው ፕሮግራምና ኤም17ኤን ከሚባለው ስብስብ በሚገኘው «ሴራ» በተባለው፣ አማርኛን በላቲን ቁልፎች ድምፅ በሚያስጽፈው ዘዴ ነው። የአይባስ ምርጫ በዲኮንፍ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ዲኮንፍን ገለል ካደረጉ አማርኛው ከኪቦርድ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ግን አልጠፋም። የአይባስን ማስተካከያ ከፍተው ግቤት ጨምር በሚለው በኩል አማርኛን ይምረጡ። አማርኛ በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ፓኬጁ በብልሽቱ ጊዜ ተነቅሏል ማለት ስለሆነ መልሰው ይጫኑት፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል አይባስ-ኤም17ኤን

የድሮ ሰነዶች ሲከፈቱ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ካሳዩ የጠፋው ጽሑፉ አይደለም፤ ፎንቱ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ነፃ ፎንት በዚህ ይመጣል፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፎንትስ-ኤስአይኤል-አቢሲኒካ

ሰነዱ ከዊንዶውስ ማሽን የመጣና በኒያላ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ሊብሬኦፊስ ባለው ፎንት ተክቶ ያሳየዋል፤ የገጹ ብዛትና የመስመሩ አቆራረጥ ሊለወጥ ስለሚችል ከማተምዎ በፊት ለደንበኛው በስክሪን ያሳዩት። ሌላም ወጥመድ አለ፤ ኪቦርዱን አማርኛ ላይ ትተው ስክሪኑ ቢቆለፍ የይለፍ ቃሉ በግእዝ ፊደል ይጻፍና ስሕተት ይባላሉ። በመግቢያው ገጽ ጥግ ላይ ያለውን የቋንቋ ምልክት መጀመሪያ ይዩ፤ ማሽኑ ዳግመኛ የተበላሸ መስሏቸው የደወሉልኝ ሰዎች ነበሩ።

ማጽዳትና ለሚቀጥለው ማዘጋጀት

የሙከራውን ተጠቃሚ ከነፎልደሩ ለማስወገድ ከእርስዎ ተጠቃሚ ገብተው ይህን ይጻፉ፦

ሱዶ ዴልዩዘር --ሪሙቭ-ሆም ሙከራ

ኦልድ ብለው ያስቀመጧቸውን ፎልደሮች ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይተዋቸው፤ የሚይዙት ቦታ እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን፣ የረሱት ቅንብር የሚታወስዎ ከቀናት በኋላ ነው። ዴስክቶፑ እንደ ልብዎ ከተስተካከለ በኋላ የኤክስኤፍሲኢ4ን ፎልደር በፍላሽ ይቅዱ፤ ሲናሞን ወይም ግኖም ካለዎት ደግሞ ሙሉውን ቅንብር በአንድ የጽሑፍ ፋይል የሚያወጣው ትዕዛዝ ይህ ነው፦

ዲኮንፍ ደምፕ / > ቅጂ.ቲኤክስቲ

ከሚቀጥለው ጭነት በፊት ታይምሺፍትን ከፍተው አንድ ቅጂ ያስነሡ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው መሙላቱን፣ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነ ዩፒኤሱ በርግጥ መያዙን አይተው ይጀምሩ፤ በየሱቁ ያሉት ብዙዎቹ ዩፒኤሶች ባትሪያቸው ካረጀ ቆይቶ መብራት ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። በፍላሽ የመጣ ጫኝ ሥልጣን ሲጠይቅም ያንን ጫኝ ብቻ በተርሚናል (በትዕዛዝ መጻፊያው መስኮት) በሱዶ ያስኪዱ እንጂ የፋይል ማሳያውን ሙሉ በሩት ሥልጣን አይክፈቱ።

የወዳጄ ፕሪንተር በመጨረሻ ያ ድራይቨር አላስፈለገውም። ሊኑክስ ሚንት ይዞት የሚመጣው ከፕስ የተባለው የኅትመት ሥርዓት፣ ኬብሉ እንደተሰካ ፕሪንተሩን በራሱ ለይቶ በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ወዳጄ ዝርዝሩን አልከፈተውም ነበር እንጂ።